ከመጨረሻው መኪና ኋላ

በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር፤ ለቀረው ሰው ሁሉ ጭራ ነው። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ «አንተ ጭራ» ትለው ነበር። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው፤ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስድብ ይመስላል። ለሚያውቅም ስድብ ነው፤ ምን አስዋሸኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ቤቴ የገደሉ መንገድ ከሚጀምርበት ላይኛው በር አጠገብ ነው፤ በአንድ በኩል የአሮጌ ጎማ ክምር፣ በሌላው በኩል የጭራ ቤት ግድግዳ። ሹፌር ጎማው እስኪለጠፍለት ከማውራት በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው የዚህ መንገድ ወሬ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጆሮ ላይ ነው። ሹፌሮቹ የደበቁኝን ደግሞ ግድግዳው ያሰማኛል። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ማን ነገረህ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

መንገዱ ከላይኛው በር ተነስቶ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ወንዙ ዳር እስካለው ታችኛው በር ይወርዳል። አንድ መኪና እንጂ ሁለት አያሳልፍም። በግራ ድንጋይ ነው፤ በቀኝ አየር። መጀመሪያ ላይ ኮረቱ ታጥቦ ስላለቀ መሬቱ ሸንተረር ሸንተረር ሆኗል፤ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጥርሱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዚያ ዱቄት የሚባለው ቦታ ይመጣል። ስሙን ያወጡለት ሹፌሮች ናቸው፤ አፈሩ ደቅቆ ደቅቆ ከመላሙ የተነሳ ጎማ ይውጣል፤ ከሥሩ ያለውንም ድንጋይ ይደብቃል። ከዱቄት በታች ዓለቱ በጋ ከክረምት ውሃ የሚያነባበት መታጠፊያ አለ፤ እዚያ ላይ ፍሬን የያዘ ሞተረኛ ራሱን መሬት ላይ ያገኘዋል። ቀጥሎ ጠባቡ ነው፤ የውጭው ጎማ ግማሹ አየር ላይ ነው እያሉ ሹፌሮች የሚምሉበት። ከዚያ ድልድዩ፤ ከዚያ ወንዙ። ክረምት ሲገባ መንገዱን ናዳ ይዘጋዋል፣ ጉም ይውጠዋል፤ እስኪጠረግ ድረስ ማንም ዝር አይልበትም።

ሁለት መኪና ስለማያሳልፍ ነው ቀለበቱ የመጣው። ቀለበቱ የድስት ክዳን የሚያህል ብረት ነው፤ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቀለበቱ ያለበት በር መኪና ይለቃል፤ የሌለበት በር ሰንሰለቱን ወጥሮ ይጠብቃል። መኪኖቹ በሰልፍ ሲወርዱ ከሁሉ ፊት አንድ ሞተረኛ እየሄደ የወደቀ ድንጋይ ያነሳል፣ እግረኛ ያስጠነቅቃል። ከሁሉ ኋላ ሌላ ሞተረኛ ቀለበቱን በትከሻው አንግቶ ይከተላል። የኋለኛው ታች ደረሰ ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ቀለበቱን ያስረክባል፤ ከታች የቆሙት ሊወጡ ሲሰለፉ ይቀበልና አሁንም ከኋላቸው ሆኖ ይወጣል። የፊተኛውን ሹፌሮቹ ፊታውራሪ ብለው ሾመውታል። የኋለኛው ጭራ ነው።

ድሮ ቀለበቱን የሚይዘው የመጨረሻው ሹፌር ነበር ይባላል። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመበት፣ በእኔ ምክንያት ሰው አይጉላላ ብሎ ቀለበቱን ከፊቱ ላለው ያቀብለዋል። ቀለበቱ ይደርሳል፤ ከታች ያሉት ይለቀቃሉ፤ ጠባቡ ላይ ሁለት መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማል። አንዱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ ብሎ ወንዝ ገባ። ከዚያ በኋላ ጭነት የሌለው፣ ገበያ የማያመልጠው ሰው ተፈልጎ ተቀጠረ። ደንብም ወጣ፤ ቀለበት ከጭራ ትከሻ ወደ ሌላ ሰው እጅ አያልፍም፣ ከበር ጠባቂው በቀር።

ሲቀጠር ጎረምሳ ነበር። ሞተር ተሰጠው፣ ደመወዝ ተቆረጠለት፣ ሰው ሁሉ ቀናበት። አቧራውን ማን አሰበው! የከባድ መኪና ሰልፍ በበጋ ዱቄት ላይ ሲያልፍ ያላየ ሰው አቧራ አይቻለሁ አይበል። ግድግዳ ነው። ጭራ ደግሞ የሚውለው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ማንም ተበላሽቶ እንዳልቀረ ለማወቅ የመጨረሻውን መኪና ማየት አለበት፤ ለማየት መጠጋት አለበት፤ ሲጠጋ ደግሞ የሚያየው አፈሩን ነው። የኋላ መብራቷን ቀይ ነጥብ እየተከተለ መንገዱን በመቀመጫው እያወቀ ይወርዳል። ጥርሱ ሲጋጭ ሸንተረሩ ነው። መሪው እንደ ሰካራም ሲወላገድ ዱቄት ነው። ጎማው ሲያዳልጠው እርጥቡ መታጠፊያ፣ ነፋስ በቀኝ ጎኑ ሲገፋው ጠባቡ። ዕድሜ ልኩን ሲመላለስበት ያንን ገደል አንድ ቀን በወጉ አላየውም።

ሚስቱ ምላሷ የተሳለ ነው። «ከአንተ ሸሚዝ ያጠብኩት አፈር ቢጠራቀም ኖሮ ቦታ ሳንመራ ቤት በሠራንበት» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሹፌሮቹም ይስቃሉ፤ እነሱ ግን ሌላ ሳቅ ነው የሚስቁት። ሻይ ቤት ሲገባ ልብሳቸውን ያራግፋሉ፤ አጠገባቸው ሲቀመጥ ብርጭቆአቸውን በእጃቸው ይከድናሉ። «ጭራ ሲያስነጥስ ማዶ ያለው ገበሬ ይዘራበታል» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበለዋል። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ይነሳል።

ከሁሉም የከፋው የሰማያዊ ጣሪያዎቹ ነገር ነው። አንድ ምላሰኛ ሹፌር፣ ገና ጭራ በተቀጠረ ሰሞን፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ እንዲህ አለው፤

«ከእርጥቡ መታጠፊያ ወረድ ብሎ ማዶ ገደሉ ላይ ያለችውን መንደር አታይም እንዴ? ጣሪያዋ ሁሉ ሰማያዊ! ሴቶቹ በረንዳ ላይ ወጥተው እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሉናል። አንተን ግን ታዝበውሃል አሉ። ያ የኋለኛው ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይመልስም፣ ብለዋል።»

ጭራ ባለጌ መባል አይወድም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፋሱ ተቀይሮ እርጥቡን መታጠፊያ ማለፉን ሲያውቅ፣ ቀኝ እጁን ለነዳጁ ትቶ ግራ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ አቧራው ያወዛውዛል። መንገዱ እዚያ ላይ ስለሚታጠፍ ከታች ያሉት ሹፌሮች ቀና ሲሉ ከአቧራው በላይ አንድ እጅ ወዲያ ወዲህ ሲል ያያሉ። መሪ መያዝ እስኪያቅታቸው ይስቁ ነበር። አዲስ ሹፌር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ይህንን ነው። ዓመታት አለፉ፤ ቀልዱ ግን አልሰለቻቸውም።

አንድ ጊዜ «ሰውዬ፣ መንደር የሚባል የለም፤ እያላገጡብህ ነው» ብዬው ነበር። ከት ብሎ ሳቀብኝ። «አንተ ጎማ እንጂ መንገድ ምን ታውቃለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ወርጄ አላውቅም። ወደ ጎማዬ ተመለስኩ።

ልጁን ያሳደጋትም በዚያች መንደር ወሬ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችው። ስታለቅስ እያባበለ ስለ ሰማያዊዎቹ ጣሪያዎች ይነግራታል፤ ከራሱም ይጨምርበታል። በር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሽማግሌ አለ፤ ውሻ አለው፤ የእሷ እኩያ የሆነች ልጅም አለች፣ ቀይ ቀሚስ የምትለብስ። በግድግዳው በኩል ስሰማ እኔ ራሴ መንደሯ ናፍቃኝ ታውቃለች።

ልጅቷ አድጋ ሹፌር አገባች። መልካም ሰው ነው፤ ድምፁ አይሰማ፣ ከማንም አይጣላ። መኪናው አሮጌ ስለሆነች አቀበትም ቁልቁለትም ላይ የመጨረሻ ናት። ስለዚህ አማቱን በየቀኑ አፈር የሚያበላው እሱ ነበር፤ ሹፌሮቹ በዚህም ሲስቁ ከረሙ። ሙሽሪት መጀመሪያ የጠየቀችው መንደሯን እንዲያሳያት ነው። እውነቱን ነገራት። ሁለቱ ተማከሩና ለአባቷ እንዳይነግሩት ተስማሙ፤ ይከፋዋል ብለው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ሳሉ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ኋላ ደረጃ ሲወጣ፣ ኋላ ሲስቅ፣ ኋላ ሲናገር። ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ካየ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ሳንባህ ውስጥ ያለው አፈር ነው። ያለው አይወጣም፤ ሌላ እንዳትጨምርበት። አንድ በጋ ከኋላ ሆነህ ብትደግም ሁለተኛውን አታየውም።»

ሲመለሱ ሚስቱ አንድም ቀልድ አልተናገረችም። እኔም ነገሩ መክፋቱን ያወቅሁት በዚህ ነው። ጭራ ሌላ ሙያ የለውም፤ ጡረታውም ገና ነው። የቀረው አንድ መንገድ ከኋላ ወደ ፊት መዛወር ነበር። ፊታውራሪ አቧራ አይቀምስም፤ እሱ ሲያልፍ መንገዱ ንጹሕ ነው። ደግነቱ ፊታውራሪው አርጅቶ በጋው ሲያልቅ ሊሰናበት ነበር።

የመንገዱን ኃላፊ ሊለምን ባሰበበት ሰሞን ነው እርጥቡን መታጠፊያ አልፎ ሳሉ የያዘው። እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ሞተሩን ሰፋ ያለችው ቦታ ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ሳለ። ሰልፉ ራቀ። ድምፁ ጠፋ። አቧራውም ማንም ሳይቀሰቅሰው ቀስ እያለ ወረደ።

ቀና አለ። ማዶ መንደር የለም። ከላይ እስከ ታች ራቁቱን የቆመ ቀይ ዓለት ነው፤ ፍየል እንኳ የምትቆምበት ቦታ የለውም። በዓለቱ ላይ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ መሬት ሳይደርስ ተበትኖ ይቀራል። ታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ በድንጋዮቹ መሀል ይታጠፋል። ትልልቅ አሞራዎች ከእሱ እግር በታች ይዞራሉ፤ ጀርባቸውን አየው። የአሞራ ጀርባ አይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደሚሄድበት መንገድ መለሰ። ጠርዙ ላይ የመኪና ጎማ የቆረሰው አፈር ገና ትኩስ ነበር፤ የራሱም የሞተር ዱካ ከዚያ ጠርዝ አንድ ክንድ አይርቅም። ይህን ሁሉ ዘመን በምን ላይ ሲሄድ እንደኖረ ያኔ አየ።

ታች ሲደርስ የሚጠብቁት ሹፌሮች ክላክስ እያስጮኹ ተቀበሉት። «ሙሽራው መጣ!» «ተኝተህ ነው?» «ያንተ ሳል የእኛን ቲማቲም አበሰበሰ!» ቀለበቱን አስረከበ።

ቤቱ ሲደርስ ልጁ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር።

«ማዶ ምንም የለም» አላት።

ልጅቷ መሬት መሬት አየች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እሱ ነግሮኝ ነው አባዬ። እንዳይከፋህ ብለን ነው።»

«ስንት ዓመት ለድንጋይ እጄን ሳወዛውዝ እያያችሁ?» አለ ጭራ። «እናንተም ከሳቂዎቹ ጋር?»

አልሳቅንም ብላ ማለች። እውነቷን ይሆናል። እሱ ግን ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ማለትም ወደ እኔ አዙሮ ተኛ።

ከዚያ በኋላ እጁን አንስቶ አያውቅም። ሹፌሮቹ ቶሎ አወቁ፤ ሻይ ቤት ሲገባ ያ ምላሰኛው «ጭራ፣ ሴቶቹ ተቀየሙህ እንዴ?» አለው።

«ተፋታን» አለ ጭራ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳሉ መጣና ይዞት ወጣ።

ኃላፊው አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ የሹፌሮቹ ስሞታ ቀድሞት ደርሷል። ጭራ ቆሞ የሐኪሙን ቃል ተናገረ፤ የፊቱን ቦታም ለመነ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክላክስ የሚያስፈራው ሰው ነው።

«ፊታውራሪው ሲወጣ ቦታው ያንተ ነው» አለው። «ግን ስማኝ። እስከዚያ ቀለበቱ አንድ ቀን ቢዘገይ የፊቱንም እርሳው፣ የኋላውንም ለሌላ እሰጠዋለሁ። ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ ደህና ነኝ ካልክ ደህና ሁን።»

«ደህና ነኝ ጌታዬ» አለ ጭራ፤ ይህን ለመናገር ትንፋሹን አጠራቅሞ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ዝናቡ እስኪመጣ ሳይዘገይ ከቆየ ይተነፍሳል። ከዘገየ እንጀራው ይቆረጣል። አቧራውን ካልሸሸ ይሞታል፤ ከሸሸው ይዘገያል። ሚስቱ ከአሮጌ አንሶላ ድርብርብ ጨርቅ ሰፍታ፣ ውሃ ነክራ አፍና አፍንጫውን ታስርለት ጀመር። ዱቄት ሲደርስ ጨርቁ ጭቃ ይሆናል። ጭቃውን አራግፎ ታች ወንዝ ያጥበዋል፤ ሲወጣም እንደገና ጭቃ ይሆናል። ፊታውራሪው አዝኖለት የፊተኛው ሞተረኛ የሚለብሰውን ካፖርት ቀድሞ ሰጠው። ሚስቱ ትከሻውን አጠበበችው፤ ግዙፍ ሰው ነበር፣ ያኔ ግን አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሳይዘገይ ቆየ። እንዴት እንደቆየ እኔ አላውቅም። ደመናው ማዶ መሰብሰብ ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሰማል፣ አይዘንብም። ፊታውራሪው የሚሰናበትበት ቀን ደረሰ። በማግስቱ ካፖርቱን የሚለብሰው ጭራ ነው። ሚስቱ ጠዋት ጨርቁን ስታስርለት «ነገ ፊትህን አያለሁ ማለት ነው፤ ቆንጆ መሆንህን ረስቼዋለሁ» ስትለው በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ አማቹ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ታች የነበሩት።

እርጥቡን መታጠፊያ ሲያልፉ አማቹ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየ። ሞተር የለም። መኪናዋን አቁሞ በእግሩ ተመለሰ። ጭራ እርጥቡ መታጠፊያ ጋ ከሞተሩ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጨርቁን አውልቆታል፤ ጨርቁ ላይ ከጭቃው ጋር ደም አለ።

«ጋሼ፣ መኪናው ላይ ይውጡ፤ ሞተሩን ኋላ እንወስደዋለን።»

«ሞተር ጥዬ?» አለ ጭራ፤ ቃል በቃል እየቆረጠ። «ኃላፊው ይሰማል። ተጭኜ ብደርስ... ነገ ፊት ያስቀድመኛል?»

አማቹ አሰበ። ሰልፉ እየራቀ ነው፤ የእሱ መኪና ከዘገየች ቀለበቱም ይዘገያል።

«እንግዲያው ቀለበቱን ለእኔ ይስጡኝ። በሰዓቱ አደርሰዋለሁ። እርስዎ አቧራው ሲሰክን ቀስ ብለው ይምጡ። ለጠባቂው በጆሮው እነግረዋለሁ፤ እርስዎ እስኪደርሱ ሰንሰለቱን አያወርድም።»

ጭራ ደንቡን ከማንም በላይ ያውቃል። ቀለበቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ ይላል አማቹ። ከዚያ ከትከሻው አወለቀና ሰጠው።

«በጆሮው ንገረው፤ አደራ» አለው። «ቀለበት ደረሰ ብሎ እንዳይለቃቸው። እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

«እነግረዋለሁ ጋሼ።»

አማቹ በሰዓቱ ደረሰ። ታች ግን ያላሰበው ነገር ጠበቀው። ኃላፊው ፊታውራሪውን ሊያሰናብት ወርዶ፣ ከበር ጠባቂው ጎን ቆሟል። ሞተሩን ተረክቦታል፤ ሽማግሌውን እያቀፈ ነው። ጆሮ የሚባል ነገር የለም፤ የሚነገር ሁሉ ለኃላፊው ይሰማል። አማቹ ቀለበቱን ለጠባቂው ሰጠ።

«ጭራስ?» አለ ጠባቂው።

«ከኋላዬ ነው» አለ አማቹ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። ለመውጣት የተሰለፉት ሹፌሮች ቀለበቱን አይተው ክላክሱን ለቀቁት። «ቀለበት ገባ አይደል? ምን ትጠብቃለህ!» «ጭራ መኪና ነው እንዴ? ድንጋይ ሥር ይጠጋ!» ጠባቂው ኃላፊውን አየ። ኃላፊው በስንብቱ ተይዞ የጠባቂውን ጥያቄ ልብ አላለውም፤ ያየው ቀለበቱን ነው፤ ጩኸቱም ሰልችቶታል። «ልቀቃቸው» አለ። ፊታውራሪ የለም ቢሉት «ለአንድ ቀን ያለ ፊታውራሪ ብትወጡ አትሞቱም» አለ።

ጠባቂው ሰንሰለቱን አወረደ። ጭራ ከተቀጠረ አንስቶ ቀለበት ገብቶ መንገዱ ላይ ሰው ቀርቶ አያውቅማ። ጭራ ማለት መንገዱ ባዶ መሆኑን የሚናገር ሰው ነው፤ ራሱ መንገዱን ይሞላል ብሎ ማን ያስባል። አማቹ መኪኖቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ቆሞ አየ። አሁን ብናገር ኃላፊው ይሰማል፤ ከሰማ ነገ የለም፤ ደግሞ ሞተር ጠባብ ነው፣ ሲያያቸው ይጠጋል፣ ብሎ አሰበ። እንዲህ እያሰበ የመጨረሻው መኪና አለፈ።

ከፊት የነበረው ሹፌር ያ ምላሰኛው ነው። ጠባቡ ላይ ሊወጣ ሲታጠፍ ጭራን አገኘው። ጨርቁ አፉ ላይ አልነበረም። ሞተሩን ቀስ አድርጎ፣ በውጭው ጠርዝ በኩል፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይመጣል። አቧራ የለም፤ ከፊቱም መኪና የለም። እንዲህ ሆኖ ሄዶ አያውቅም። መኪናውን ሲያይ አልደነገጠም ይላል ሹፌሩ፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ተቀምጦ እንዳገኘ ሰው ግራ ተጋባ እንጂ። ወደ ድንጋዩ ሊሻገር መሪውን አዞረ። መኪናው ጭነት ይዞ ለአቀበቱ ተንደርድሮ ነበር፤ ፍሬኑ ያዘ፣ ግን አልበቃም። የመኪናው ጥግ የሞተሩን መሪ ነካው። መንካት ብቻ ነው። ጠርዙ ግን ለመነካት ቦታ አልነበረውም።

ሬሳውን ከወንዝ እስኪያወጡት መንገዱ ተዘጋ። ከላይም ከታችም የቆሙት ሹፌሮች ጭነታችን ተበላሸ ብለው ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ኃላፊው ጠባቂውን ጠየቀው።

«ስትከፍት መንገዱ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም ጌታዬ» አለ ጠባቂው። «ቀለበቱ እጄ ገብቷል። ባዶ ነበር።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። በደንቡ ከሄድን ጠባቂው አልዋሸም።

ለቅሶው ላይ ሹፌሮቹ በሙሉ መጡ። ከዘመድ በላይ አለቀሱ፤ ምላሰኛውማ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያስገባው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ትቼ ልወጣ ስነሳ ሚስትየው አማቿን ጠራችው።

«አደራ ብሎህ ነበር አሉ» አለችው። «ለምን አልተናገርክም?»

አማቹ መሬት ላይ ተንበረከከ። ዓይኑ አብጧል። «ኃላፊው ቆሞ ነበር እማማ። ቀለበቱን ለእኔ መስጠታቸውን ከሰማ ያባርራቸው ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው። ሥራቸው እንዳይቀርባቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየችው። አልጮኸችም፤ ደረቷን አልመታችም።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አለችው። «ሥራው አልቀረበትም።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል ተናግራው አታውቅም። ልጅቷ ግን አሁንም ከባሏ ጋር ናት፤ የት ትሂድ።